ገና በዘነበወርቅ

የገና ምጽዋት ኅዳር 15 ቀን ይጀምራል። በዚያ ዕለት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ጾመ ነቢያትን ይይዛሉ፤ የገሃዱን ጨምሮ 44 ቀን ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ከማዕዳቸው ይርቃል። ጾሙ ከጸሎትና ከምጽዋት ተነጥሎ አይታይም። ፍትሐ ነገሥት ጸሎትን በአንቀጽ 14፣ ጾምን በአንቀጽ 15፣ ምጽዋትን በአንቀጽ 16 አከታትሎ ይደነግጋል። ከእርሱ እጅግ ቀድሞ፣ በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው የሄርማስ «እረኛ» ጉዳዩን በሒሳብ ያስረዳል። ጾመኛው በጾሙ ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ ያሰላል፤ ያንን ለመበለት፣ ለሙት ልጅ ወይም ለሌላ ችግረኛ ይሰጣል። በዚህ ትምህርት ያልተበላው ምግብ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ጾመኛው አይደለም።

ዛሬ በአዲስ አበባ ይህን ስሌት ወረቀት ላይ የሚያሰፍር ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። ዘይትና ምስር ራሳቸው ስለተወደዱ ጾም ኪስ አያሳርፍም። ቢሆንም ጾሙ ሲፈታ ከሚታረደው፣ ከሚጋገረውና ከሚጠመቀው ላይ የድሃ ድርሻ ማንሣት አልቀረም። በቤተሰብ መካከል ስጦታ መለዋወጥ ግን በአገሩ የገና ልማድ ውስጥ ብዙም ሥር አልነበረውም፤ በዓሉ ራሱ ከጥምቀትና ከፋሲካ ያነሰ ግርግር ነበረው። ስሙን ያገነነው የሜዳው ጨዋታ ነው። ወንዶቹ ዱላ ይዘው ሩሯን ሲያሳድዱ ሎሌ ጌታውን ቢጎሽም ጌታው አይቆጣም የሚለው የቆየ ደንብ ለአንድ ቀን ማዕረግን ያስጥላል። በማግስቱ ሁሉም ወደየቦታው ይመለሳል። የበዓል ቸርነትም ብዙ ጊዜ ከዚህ ደንብ አያልፍም።

ኮልፌ ቀራንዮ ይህን ለማየት ከሚመቹ የከተማዋ ክፍሎች አንዱ ነው። ክፍለ ከተማው በምዕራብ አዲስ አበባ ከኮልፌና ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ቤቴል፣ ዘነበወርቅና ቆሬ የተዘረጋ ነው፤ የስሙን ግማሽ የወሰደው ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ428 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደሰፋ በየኮረብታው የተሠራው ቤት ይናገራል። ታኅሣሥ 28 አመሻሽ ላይ በየመንገዱ ዳር በግ ይጎተታል፣ ዶሮ ቁልቁል ተይዞ ይሄዳል፣ ቄጠማ ይሸጣል። ከሽንኩርቱ ጭስ የተረፈች ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሌሊቱ ቅዳሴ ታመራለች። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ደግሞ ሌላ ሰልፍ አለ። ዓይነ ስውሩ፣ አረጋዊቷ፣ ሕፃን ያዘለችው እናት፣ ጣቶቹ ያጠሩት ሰውዬ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ወረቀት ብር ተቀብለው ትንሽ አስቀርተው ሳንቲም የሚመልሱ ዝርዝር ሻጮች በመግቢያው ላይ ቆመዋል፤ በበዓል ሌሊት ሥራቸው ይደራል። ምእመኑ ሳንቲሙን ከሰልፉ ጫፍ ጀምሮ እያደለ ያልፋል። «ስለ መድኃኔዓለም!» «ስለ ማርያም!» ይባላል፤ ከዚያም «ከክፉ ይሰውራችሁ፣ የዓመት ሰው ይበላችሁ» የሚለው ምርቃት ይከተላል። ሁለቱ ወገኖች እምብዛም ዓይን ለዓይን አይተያዩም።

ከደጁ አለፍ ብሎ የተደራጀ መስጠት አለ። ሰንበቴ ያላቸው አባላት ተራ ገብተው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦ፣ ንፍሮና ጠላ ወደ ሰንበቴ ቤቱ ያመጣሉ፤ ከሚበላው ላይ ለነዳያን ይደርሳል። የጽዋ ማኅበር በቅዱሱ ወርኃዊ መታሰቢያ ቀን በአባላቱ ቤት ይዞራል። ከእነዚህ ማኅበራት መካከል ከገና ጋር በቀጥታ የሚገናኘው የበዓለ ወልድ ማኅበር ነው። ቤተ ክርስቲያን የጌታን ልደት በየወሩ በ29 ቀን ታስባለች፤ ስለዚህ የበዓለ ወልድን ጽዋ የሚጠጣ ማኅበርተኛ በመርሕ ደረጃ ገናን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ አያከብርም። ዝክሩ በወር በወሩ ሲደርስ ደጅ የሚመጣው ድሃ እየታወቀ ይሄዳል። የታመመው ይጠየቃል፣ የቀረው ለምን እንደቀረ ይነገራል። የካሜራም ሆነ የባነር ወሬ የሌለው ይህ አሮጌ ሥርዓት ከብዙዎቹ አዳዲስ የበዓል መርሐ ግብሮች የበለጠ ተቀባዩን ያውቃል።

«ስለ ማርያም» ከሚለው ልመና ጀርባ ሁሉም የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ የሚያውቀው ታሪክ አለ። በተአምረ ማርያም የሚነገርለት በላዔ ሰብእ 78 ሰው የበላ ነው፤ ነፍሱን ያዳነለት ለአንድ ጥማተኛ ስለ እመቤታችን ብሎ የሰጠው ጥርኝ ውኃ ነው። የካቲት 16 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ ይኸው ታሪክ ይተረካል። ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ቢኖር የጥማተኛው ማንነት ነው። ሰውዬው ገላው በደዌ የቆሰለ፣ በላተኛው እንኳ ሊበላው የተጸየፈው ሰው ነበር።

ሌላው ታሪክ የገብረ ክርስቶስ ነው። የንጉሥ ልጅ ሆኖ በሠርጉ ሌሊት ሙሽራይቱን ትቶ ወጣ፤ በስደት ለምኖ ኖረ፤ በኢትዮጵያው ገድል መሠረትም ሥጋ ደዌ ያዘው። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አባቱ ከተማ ተመልሶ በአባቱ ደጅ ወደቀ። ያወቀው አልነበረም። ከአባቱ ማዕድ የተረፈውን እየበላ፣ ውሾች ቁስሉን እየላሱት ለብዙ ዓመታት ኖሮ በዚያው አረፈ፤ ማንነቱ የታወቀው ከሞተ በኋላ ነው። በዓሉ ጥቅምት 14 ይውላል፤ በሥጋ ደዌ የተያዙ ሰዎችም እንደ ራሳቸው ጻድቅ ያዩታል። በመጀመሪያው ታሪክ አንድ ጊዜ የተሰጠ ጥርኝ ውኃ ሰጪውን አዳነ። በሁለተኛው ግን ቤቱ በየቀኑ ይሰጥ ነበር፤ የጎደለው በደጁ የወደቀው ማን እንደሆነ ጠይቆ መረዳት ነው። ከዓውደ ምሕረት የመጀመሪያው ታሪክ አዘውትሮ ይነገራል። ለዘነበወርቅ የሚቀርበው ግን ሁለተኛው ነው።

ዘነበወርቅ የሚለው የሰፈር ስም በ1925 ዓ.ም. በለጋ ዕድሜዋ ካረፈችው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ ከልዕልት ዘነበወርቅ፣ የመጣ ነው። በዚያ የተሠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በእርሷ ስም ተጠራ። ያቋቋመው የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ነው፤ በሥራው ፊት የነበረው አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ ነው። የዚህ ሚሲዮን የወንጌል ሥራ ዛሬ የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ተብሎ የሚታወቀውን ትልቅ ኅብረት አፍርቷል። ቦታው ያኔ ከከተማው ውጪ ነበር፤ የዘመኑ አሠራር ሕሙማንን ማራቅ ነውና። ከተማው ግን በኋላ ራሱ ወደ ሆስፒታሉ መጣ። በ1958 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲና የሥጋ ደዌ ሚሲዮን ማኅበራት ተባብረው በዚያው ግቢ ለመላው አፍሪካ ባለሙያ የሚያሠለጥን ማዕከል መሠረቱ፤ አለርት የሚባለው እርሱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አጠገቡ የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋምን አቋቋሙ። ተቋሙ የተሰየመው የበሽታውን ባክቴሪያ በ1873 እ.ኤ.አ. ባገኘው የኖርዌይ ሐኪም ነው። ሆስፒታሉ ዛሬ በጤና ሚኒስቴር ሥር ሆኖ የቆዳ፣ የዓይን፣ የአጥንትና የድንገተኛ አደጋ ሕክምና ይሰጣል። የመጀመሪያ ሥራውም አልተቋረጠም፤ ኢትዮጵያ አሁንም በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዲስ የሥጋ ደዌ ታማሚ ትመዘግባለች።

በዚህ ግቢ የሚሠራው አገልግሎት ምን እንደሆነ ለመረዳት በሽታው ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ያስፈልጋል። ሥጋ ደዌ ጣት አይቆርጥም፣ ሥጋም አያበሰብስም። ባክቴሪያው እጅግ ቀስ ብሎ የሚራባ ነው፤ ሰው ከተያዘ በኋላ ምልክቱ እስኪወጣ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ሃያ ዓመት ሊወስድ ይችላል። ጉዳቱን የሚያደርሰው ነርቭ ላይ ነው። በእጅ፣ በእግርና በዓይን ዙሪያ ያሉ ነርቮች ሲጎዱ ስሜት ይጠፋል። እግሩ የማይሰማው ሰው በጫማው ውስጥ የገባ ጠጠር ሳያውቅ ቀኑን ሙሉ ይረግጠዋል፤ ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ቁስሉን የሚያየው በዓይኑ ነው። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ወደ አጥንት ይዘልቃል፣ አጥንቱም እየሟሸሸ ጣቱ ያጥራል። ይህን በሥራው ያረጋገጠው በሕንድ ቬሎር የሠራው እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፖል ብራንድ ነው። የሚሲዮናውያን ልጅ የነበረው ብራንድ አለርት እንዲመሠረት ከጣሩት ሰዎች መካከል ነበር። በቬሎር እጃቸው ታክሞ ወደ ቤት የተላኩ ሰዎች ጣታቸው እየጎደለ ሲመለሱ ምክንያቱን ፈልጎ ደረሰበት። ሕመም የማይሰማውን ጣት ሌሊት አይጥ ይበላው ነበር። ከዚያ በኋላ ከሆስፒታሉ የሚወጣ ሰው ድመት ይዞ እንዲሄድ ተደረገ። ለዚያ ሰው ከዚህ የበለጠ ስጦታ አልነበረም፤ ሊታሰብ የቻለውም ኑሮው በዝርዝር ስለታወቀ ነው።

በአለርት የዚያ ዓይነት ስጦታ ጫማ ነው። የማይሰማ እግር የሚያስፈልገው ጫማ ውስጡ ለስላሳ፣ ከታች እሾህና ጠርሙስ የማያሳልፍ ጠንካራ ሶል ያለው፣ ሚስማር የሌለበት፣ እግሩ ሲያብጥ የሚላላ ማሰሪያ ያለው መሆን አለበት። ቅርጹ ለተለወጠ እግር ደግሞ በልክ ይሠራል። የሆስፒታሉ የአካል ድጋፍ ወርክሾፕ ጫማ፣ ሰው ሠራሽ እግርና ድጋፍ ያዘጋጃል። በበዓል ሰሞን ከየቤቱ ተሰብስቦ በጆንያ የሚመጣው ያገለገለ ጫማ ግን ለዚህ ሰው አደጋ ሊሆን ይችላል። ጠባቡ ጫማ እንደሚጫነው እግሩ አይነግረውም፤ የጠዋቱ ስጦታ ማታ ቁስል ይሆናል። ከልብ የተሰጠ ነገር ጉዳት ሲያደርስ ማየት ለሰጪው ይመራል፤ ነገር ግን ቀድሞ እግሩን የለካ ሰው ይህ አይደርስበትም።

ቁስሉን የመጠበቁ ሥራ በየቀኑ የሚደገም ነው። እግር ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ የጠጠረው ቆዳ በስሱ ይፋቃል፣ ቫዝሊን ወይም ዘይት ይቀባል፣ በጣቶቹ መካከል ይታያል። ዓይኑ በደንብ የማይከደን ሰው አቧራ እንዳይገባበት በመስታወት ያየዋል። ይህን በጋራ የሚሠሩ የራስ እንክብካቤ ቡድኖች አሉ፤ አንዱ የሌላውን እግር ይመለከታል። በክርስትና ትውፊት እግር ማጠብ የጸሎተ ሐሙስ ሥርዓት ነው። በገና ደግሞ ወደ ላሊበላ በእግር የሚደርሱትን ምእመናን የከተማው ሰዎች እግራቸውን አጥበው ይቀበላሉ። በቆሬ ቤቶች ግን እግር ማጠብ የየማለዳ ሥራ ነው፤ ካልተሠራ አጥንት ይሄዳል።

የበዓሉ ወጥ ቤት ራሱ አንድ አደጋ አለው። ዶሮው ሌሊቱን ሲሠራ፣ ድፎው ከላይና ከታች እሳት ሲነድበት፣ ጀበናው ከከሰል ሲነሣ ስሜት የሌለው እጅ ግለቱን አይለይም። ጤነኛ እጅ ሳያስብ ይሸሻል፤ ይህኛው ይዞ ይቆያል። ስለዚህ በዘነበወርቅ አካባቢ ለምትኖር፣ እንዲህ ያለ እጅ ላላት የቤት እመቤት የእንጨት እጀታ የተገጠመለት ድስትና ወፍራም ጓንት ከአንድ ጠርሙስ ዘይት የበለጠ ሊያገለግላት ይችላል።

በሆስፒታሉ ዙሪያ ሰፈር የተሠራበት ምክንያት ሕክምናው ብቻ አይደለም። ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከአርሲ ለሕክምና የመጡ ሰዎች ድነው እንኳ ወደ አገራቸው መመለስ አልሆነላቸውም፤ ዘመድ ቢቀበል ጎረቤት አይቀበልም። በሽታው በዘር የሚመጣ ርግማን ነው የሚለው እምነት ጋብቻን ያፈርሳል፣ ልጅ ያስጥላል። በዘነበወርቅና በቆሬ ጎጆ ቀልሰው፣ እርስ በርስ ተጋብተው፣ ጤነኛ ልጆች ወልደው ኖሩ። ሥራ ግን የሚሰጥ አልነበረም። የቀረው የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነበር፤ በዓል ሲመጣ ወደ መሐል ከተማ ወደሚገኙት አድባራት መውረድ እንደ ሥራ ይቆጠር ጀመር። ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም ጤና ድርጅት ምክር የሚሰጠው ጥምር መድኃኒት በሽታውን በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ያድናል፤ መተላለፉም ሕክምናው እንደተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ይቆማል። የዳነ ሰው ግን ከደጁ አልተነሣም፤ ያጠሩት ጣቶች አይመለሱም፣ ሰፈሩም እንደታመመ መቁጠሩን አይተውም።

የሰፈሩ ሌላው ገቢ ቆሼ ነበር። ይህ የረጲው የቆሻሻ ክምር ከ50 ዓመት በላይ የመላ አዲስ አበባን ጥራጊ ሲቀበል ኖሯል። ፕላስቲክና ብረታ ብረት የሚለቅሙ፣ የተረፈ ምግብ የሚፈልጉ ሰዎች በላዩ ይሠሩ፣ በሥሩም ይኖሩ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ከከተማው ሁሉ ልብስ፣ ብርድ ልብስ፣ ምግብና ገንዘብ መጣ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አስከሬን ፍለጋ ላይ ዋለ። አዲስ አበባ በዚያ ሳምንት ቆሬንና ረጲን በስማቸው ጠርታ ጠየቀች። ሰፈሩ ግን ከዚያ በፊትም እዚያው ነበር።

የበዓል ቀን ችግር ሌላ መልክ አለው። በገና ዕለት ሥጋው፣ ዳቦው፣ ለስላሳው በአንድ ጊዜ ይጎርፋል። 44 ቀን ከሽሮና ከበርበሬ ያላለፈ ሆድ በድንገት ቅባት ሲገባበት ይታመማል፤ የበዓል ማግስት የሆድ ሕመም በየጤና ጣቢያው የታወቀ ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት የተረፈውን ሥጋ ቋንጣ ካላደረገ ይጥለዋል። ታኅሣሥ ሰላሳ የደጁ ሰልፍ ይሳሳል። ምግብ ቤቶች የሚሸጡት ትርፍራፊ፣ በሰፈሩ አጠራር ቡሌ፣ እንደገና ምሳ ይሆናል። በወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያዎችም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ በኮልፌ ለወንድ ልጆች የተቋቋመ የመንግሥት ማሳደጊያ አለ። እንዲህ ያለ ተቋም በበዓል ጎብኚ አያጣም። የሒሳብ ትምህርት የሚያስጠናቸው፣ ከ18 ዓመት በኋላ ሲወጡ ሥራ የሚፈልግላቸው ሰው ግን በበዓል ጉብኝት አይገኝም።

የከተማ አስተዳደሩም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወደ በዓል መስጠት ገብቷል። ማዕድ ማጋራት በሚባለው መርሐ ግብር ክፍለ ከተሞችና ወረዳዎች ከባለሀብት አሰባስበው ለአቅመ ደካሞች ዱቄት፣ ዘይት፣ ዶሮ ወይም በግ ያድላሉ፤ በክረምት ደግሞ የአረጋውያን ቤት ይታደሳል። ተስፋ ብርሃን የተባሉት የምገባ ማዕከላት በየቀኑ ምግብ የሚያቀርቡ በመሆናቸው ከበዓሉ እደላ ይለያሉ። የበዓሉ እደላ የሚታየው በቴሌቪዥን ነው። አረጋዊቷ የዘይት ጠርሙሷን ይዛ ሰጪው አጠገብ ትቆማለች፣ ፎቶ ይነሣል፣ ምርቃቷም በማይክ ይቀረጻል። ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ አይወቅ የሚለውን የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ትምህርት የማያውቅ ሰጪ በዚህ ከተማ የለም። የሚቀርበው ምክንያት ሌላው እንዲነሣሣ የሚል ነው፤ ጥቂት እውነት አለው። ነገር ግን ፊቷ በመንደሩ ስልኮች ሁሉ ከዞረ በኋላ የምትኖረው እርሷ ናት። ተቀባዩን ከኋላ ወይም ከነጭራሹ ሳያሳዩ ሥራውን መዘገብ ይቻላል፤ የሚያደርጉት ግን ጥቂቶች ናቸው።

በበዓል ምግብ የማብላቱን ልማድ በሥርዓት ከያዙት አንዱ በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ነው። ማዕከሉ በከተማዋ ሌላ ጫፍ ቢሆንም የኮልፌ ሰውም ይሄድበታል። ሠርጉን፣ ልደቱን፣ የሙት ዓመቱን ምክንያት አድርጎ ምሳ ለማብላት የሚፈልግ ቀን ይይዛል። ቀን መያዙ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን በአንድ ቀን የሚጎርፈውን በዓመቱ ላይ መበተኑ ነው። በካቶሊኮች በኩል የእማሆይ ቴሬዛ እኅቶች ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአዲስ አበባ ድሆች ሕሙማንን ያስታምማሉ፤ የሚያስፈልጋቸው በጎ ፈቃደኛም ልብስ አጥቦ፣ ገላ አጥቦ የሚውል ነው። በወንጌላውያን አጥቢያዎች ብዙዎቹ ከውጭ ደጋፊ ጋር የሚሠሩ የሕፃናት ፕሮጀክቶች አሏቸው። ለእያንዳንዱ ልጅ ፋይል አለ፤ የገና ልብሱ የሚገዛው ቁጥሩ ታውቆ ነው። የሃይማኖት ክርክሩ ምንም ይሁን ምን የልጁን የጫማ ቁጥር ማወቅ ሁሉንም የሚያስማማ ጥበብ ነው።

ኮልፌ ሙስሊሞች በብዛት የሚኖሩበት አካባቢ ስለሆነ የገና ስጦታ ሌላ ደንብ ይጠብቃል። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያኑ አይበላም። ስለዚህ ለተቸገረ ጎረቤት የተሠራ ዶሮ ወጥ ይዞ ማንኳኳት በጎነት ሳይሆን ማሳፈር ይሆናል። ደንቡን የሚያውቅ ሰው ድፎ ዳቦ፣ ቡና፣ ጥሬ እህል ወይም ከነነፍሱ ዶሮ ይልካል፤ ሙስሊሙ ራሱ ያርደዋል። በዒድ ጊዜ ነገሩ በተገላቢጦሽ ይሆናል። የማዕድ ማጋራት ዝርዝር የሚያወጣ ኮሚቴም ይህን ቀድሞ ካላሰበ የታረደ ሥጋው ግማሽ ቤት ሳይገባ ይመለሳል።

በቆሬ ተቀባዩ ብቻውን አይገኝም። ጣት የሌላቸው እናቶች ጽዋ ያዞራሉ፤ ከለመኑት ላይ የእድር ያወጣሉ፤ ጎረቤት ሲሞት ድንኳን ይተክላሉ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተመሠረተው የኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ ተጠቂዎች ብሔራዊ ማኅበር የተመራው በሽታውን ባለፉበት ሰዎች ነው። በሆስፒታሉ ዙሪያ የተደራጁ የጥልፍና የፈትል ሥራዎች ነጠላ፣ የጠረጴዛ ልብስና ትራስ ያመርታሉ። ለገና ነጠላ ወይም የጠረጴዛ ልብስ የሚገዛ ቤተሰብ ከዚያ ከገዛ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይፈጽማል፤ ሠሪዋም ምርቃት የመስጠት ግዴታ የለባትም። ደጅ ላይ ከሚወድቀው ሳንቲም ይህ ገንዘብ በመጠን ይበልጣል፤ በመከበርም ይበልጣል።

ከገና ሦስት ሳምንት ያህል በኋላ፣ በጃንዋሪ የመጨረሻ እሑድ፣ የዓለም የሥጋ ደዌ ቀን ይውላል። ቀኑን በ1954 እ.ኤ.አ. ያስጀመረው ፈረንሳዊው ራውል ፎለሮ ነው። ጥምቀት አልፎ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ የበዓል ገንዘብ ካለቀ በኋላ ስለሚመጣ ጥቂት ሰው ያስታውሰዋል። በዚያ ሰሞን የሚነገረው መልእክት አጭር ነው። ገላ ላይ የነጣ ወይም የቀላ፣ ሲነኩት የማይሰማ ነጠብጣብ የታየበት ሰው በአካባቢው ጤና ጣቢያ ይታይ፤ በሽታው ከተገኘበትም ቤተሰቡ አብሮ ይመርመር። ነርቩ ሳይጎዳ የተጀመረ ሕክምና እጅንና እግርን ያድናል፤ መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል።